እርግብግቢትና ሁለት ሲኒ ደም
በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው «ስለ ሥራህ ትንሽ አውራን» ሲለኝ የመረጥኩት ጉዳይ የራስ ቅላቸውን ለማስተካከል ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሕፃናት የሚሰጠውን የአንስቴዥያ እንክብካቤ ነው። ርዕሱን መተማ ከሚለው ስም ጋር አያይዤ ስልክ አንድ የኮሚቴው አባል ሳቅ አለና «መተማ የራስ ቅል ቀዶ ሕክምና ይሠራል እንዴ?» አለኝ። አይሠራም። እኔም የመጣሁት ስለዚሁ ላወራ ነው። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ይሠራል፤ ሕፃኑ ከጠረጴዛው ላይ በሕይወት መውረድ አለመውረዱ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ከሳምንታት በፊት፣ ከ900 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተወስኖ ያድራል።

ከተመረቅሁ በኋላ የመጀመሪያ የሥራ ዓመታቴን ያሳለፍኩት በምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። አሁን የምሠራው አዲስ አበባ፣ ሕፃናት በሚታከሙበት ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ መንገዱን ከሁለቱም ጫፍ አውቀዋለሁ።

እስቲ ሁላችንም ከምናውቀው ነገር ልጀምር። እርግብግቢት። ቋንቋችን ስሙን ያወጣለት ከእንቅስቃሴው ነው፤ ስለሚርገበገብ እርግብግቢት አለው። እናቶቻችን ቅቤ የሚያኖሩበት፣ አያቶቻችን «እዚያ ጋ እንዳትነካው» እያሉ የሚቆጡበት ለስላሳ ቦታ ማለት ነው። የሕፃን ራስ ቅል አንድ ወጥ አጥንት አይደለም፤ በመጋጠሚያዎች የተያያዙ ሰሌዳዎች ናቸው። ሲወለድ የጭንቅላቱ ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓመት ሲሞላው 46 ወይም 47 ይደርሳል። አንጎል በዚያች በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ያህል ያድጋል። መጋጠሚያዎቹ ክፍት ሆነው የሚቆዩት ለዚህ እድገት ቦታ ለመልቀቅ ነው።

ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ አንደኛው መጋጠሚያ ያለ ጊዜው ይዘጋል። ክራኒዮሲኖስቶሲስ የምንለው ይህ ነው። አንጎል ማደጉን አያቆምም፤ ስለዚህ ወዳልተዘጋው አቅጣጫ ይገፋል። በብዛት የሚዘጋው ከግንባር ወደ ኋላ በአናት መሀል የሚሄደው መጋጠሚያ ነው። ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ወደ ጎን መስፋት ስለማይችል ይረዝማል፣ ይጠባል። በውጭ መጻሕፍት በጀልባ ይመስሉታል፤ ጣናን ለሚያውቅ ሰው ግን ታንኳ ብዬ ብነግረው በደንብ ይገባዋል። የግንባሩ መጋጠሚያ ሲዘጋ ደግሞ ግንባሩ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ሁለትና ከዚያ በላይ መጋጠሚያ የተዘጋበት ሕፃን በአንጎሉ ላይ ግፊት የመጨመሩ ዕድል ከፍ ይላል፤ ዓይኑም አንጎሉም ይጎዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ፤ ምክንያቱም ወላጅ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ ነው። «በአተኛኘቱ ነው፣ ሲያድግ ይስተካከላል» ይባላል። እውነት አለው! በአንድ ጎኑ ብቻ የሚተኛ ሕፃን ጭንቅላቱ በዚያ በኩል ጠፍጠፍ ይላል፤ ሲገለባበጥ፣ ሲቀመጥ፣ ጡት የሚጠባበት ጎን ሲቀያየርለት ይስተካከላል። ያ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ልዩነቱን ለማወቅም ሲቲ ስካን አያሻም፤ ጣት ይበቃል። ከእርግብግቢቱ ተነስቶ ጣትን በአናቱ መሀል ወደ ኋላ ማስኬድ ነው። እንደ ሸንተረር ጠጠር ያለ፣ የማይነቃነቅ ግድግዳ ከተገኘ፣ ጭንቅላቱም ታንኳ ከመሰለ፣ ያ በአተኛኘት የመጣ አይደለም። አራስን ቅቤ እየቀቡ ጭንቅላቱን ማሸትና ማበጃጀት በብዙ ቤት አለ፤ የተዘጋ መጋጠሚያ ግን በእሽት አይከፈትም። ይህን ለእናቶች ስነግር «ማን አሸው? ማን አበላሸው?» የሚል የርስ በርስ መወቃቀስ አብሮ ሲበርድ አይቻለሁ። አማት ምራቷን የምትወቅስበት ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ። ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው የልደት ቀን በፊት ቢደረግ ይመረጣል፤ ክፍት የሆነው ዓይነት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ። አጥንቱ ገና ለስላሳ ስለሆነ ይታዘዛል፣ የቀረው ክፍተትም በራሱ አጥንት ይሞላል። ሐኪሙ የራስ ቅሉን ቆዳ ከጆሮ እስከ ጆሮ ከፍቶ፣ አጥንቱን በሰሌዳ በሰሌዳ አንስቶ፣ ቀርፆ መልሶ ያስቀምጠዋል። የራስ ቆዳ ደሙ ብዙ ነው፤ የሕፃን አጥንትም ራሱ ይደማል። የአንስቴዥያው ነገር ሁሉ በመጨረሻ ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ደሙ ስንት ነው?

ቁጥሩን አብረን እናስላ። የሕፃን ደም በአንድ ኪሎ ክብደት 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመላ ሰውነቱ ያለው ደም 480 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ደም ባንክ ከአንድ ለጋሽ የሚቀዳው 450 ነው። ማለትም የዚህ ልጅ ሙሉ ደም ከአንድ ከረጢት እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ቀዶ ሕክምና ደግሞ የደሙን ግማሽ ማጣት የተለመደ ነው፤ ሙሉውን የሚያጣም አለ።

ሁላችሁም ከፊታችሁ ባለው ሲኒ ለኩት፤ ሞልቶ ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የዚህ ሕፃን ሄሞግሎቢን ሲገባ 11 ቢሆንና 8 እስኪደርስ ድረስ ደም ሳልሰጠው ልታገሥ ብዬ ብወስን፣ ሊያጣ የሚችለው 130 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሁለት ሲኒ። ሄሞግሎቢኑ ሲገባ 9 ቢሆን ግን የምታገሠው 53 ብቻ ነው። አንድ ሲኒ እንኳ አይሞላም። ሐኪሙ ገና ቆዳውን ከፍቶ ሳይጨርስ ያልቃል። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት በክብደት አይታይም፣ በመልክ አይታይም፤ ሁለቱም እናታቸው እቅፍ ውስጥ ሆነው ይስቁልናል።

አንባቢዎቻችሁ ባለሙያዎች ስለሆናችሁ አንድ ሌላ ነገር ላክል። ሕፃን ደም ሲያጣ ወዲያውኑ አይናገርም። ትልቅ ሰው ግፊቱ ቀስ በቀስ ይወርድና ያስጠነቅቃል፤ ሕፃን የደም ስሩን አጥብቆ ግፊቱን እንደያዘ ይቆያል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ ቁጥሩን ከግፊቱ ላይ አልጠብቅም። እያንዳንዱ ጎዝ ይመዘናል፤ አንድ ግራም እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ይቆጠራል። በጨርቁ ስር ተንጠባጥቦ ወደ ሕፃኑ ትከሻ የሚወርደውን ደግሞ እጄን አስገብቼ እፈልገዋለሁ። ነርሷ ጎዙን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ያዩ እንግዶች ይገረማሉ፤ እኔ ከዚያ ሚዛን ይልቅ የማምነው መሣሪያ የለኝም።

ደም መስጠቱም በራሱ ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ቀን በማቀዝቀዣ የቆየ ደም ፖታሲየሙ ከሴሎቹ ወጥቶ ፈሳሹ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በፍጥነት ከተገፋበት የሕፃን ልብ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ትኩስ የተለገሰ ደም እንለምናለን። በለብ ያለ ውኃ እናሞቀዋለን፣ በሲሪንጅ እየለካን እንሰጣለን፣ ካልሲየም አጠገባችን እናደርጋለን። ሁለት ጥሩ ካኑላ ሳይገባ ደግሞ ቢላዋ አይነሳም። በዚህ ላይ ከሐኪሞች ጋር ክርክር ገጥሜ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜም ባሸንፍ ደስ ይለኛል።

አንዲት መድኃኒት ሥራችንን በጣም አቅልላልናለች፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ። ዩታኮ ኦካሞቶ የተባሉ ጃፓናዊት ተመራማሪ ከባለቤታቸው ጋር ያገኟት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በጽሑፍ የወጣች ናት። ስታስቡት ምክንያታቸውም ለእኛ ቅርብ ነው፤ ከወሊድ በኋላ በደም መፍሰስ የሚሞቱ እናቶችን ማዳን ፈልገው ነው የተነሱት። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ20,000 በላይ እናቶችን ያካተተው ትልቅ ጥናት ቶሎ ከተሰጠች በደም መፍሰስ የሚመጣውን ሞት እንደምትቀንስ አሳየ። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከአሜሪካና ከፈረንሳይ የወጡ ጥናቶች በራስ ቅል ቀዶ ሕክምና ላይ ያሉ ሕፃናት በእርሷ ምክንያት የሚያስፈልጋቸው የደም መጠን እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ውድ አይደለችም። የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ያለች ዕቃ ናት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከመተማ ጋር ምን አገናኘው?

ከጎንደር ወጥታችሁ፣ አዘዞን፣ አይከልን፣ ነጋዴ ባህርን አልፋችሁ ገንዳ ውኃ ስትደርሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ከ1,000 ሜትር በታች ወርዳችኋል። እስከ መተማ ዮሐንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40ን ያልፋል። ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ የሚርመሰመስበት አገር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ወባው ይመጣል። ወባ የሚያጠቃው ደምን ነው። እዚያ ቆላ የሚያድግ የስድስት ወር ሕፃን ሄሞግሎቢኑ 9 ቢሆን ማንም አይደነግጥም። ልጁ ይጫወታል፣ ይጠባል፤ ለኑሮው በቅቶታል። ለራስ ቅል ቀዶ ሕክምና ግን አልበቃውም። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ወር አካባቢ የማንኛውም ጤነኛ ሕፃን ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ዝቅ እንደሚልም አስታውሱ፤ ወባው የሚጨመረው በዚያ ላይ ነው።

አንድ ልጅ ነበር። ከድንበሩ አጠገብ ካለ ቀበሌ የመጣ፣ አምስት ወር የሞላው፣ ጭንቅላቱ ታንኳ የሆነ። አባትና እናት ተሸክመውት ጎንደር፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ደረሱ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፤ «ለተሻለ ሕክምና»። ሄሞግሎቢን የለም፣ ወባ ተመርምሮ አለመመርመሩ የለም፣ ክብደት እንኳ የለም። ሆዱን ስነካው ጣፊያው ይሰማል። ደሙ ሲመረመር ሄሞግሎቢኑ 8.4፣ ወባውም አለ።

እኛ ተሰብስበን ያደረግነው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ያንኑ አደርጋለሁ። የተዘጋው አንድ መጋጠሚያ ስለሆነ ነገሩ የሚያስቸኩል አልነበረም። ወባው ይታከም፣ አይረን ይጀምር፣ ከሁለት ወር በላይ ይቆይና ይመለስ ተባለ። ይህን ለአባትየው የማስረዳው እኔ ነበርኩ። እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ አንስቴቲስት ነኝ እያልኩ ማስረዳቱን ከተውኩ ዘመን የለውም። «ዶክተር» አለኝ ዝግ ብሎ፣ «እኛ እኮ ከመተማ ነው የመጣነው።» ዝም አልኩ። «የሰሊጡን ብር ለመንገድ ጨረስን። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ ማን ያውቃል? ይህን ደም እዚያው ብታዩልን ኖሮ እዚያው አንቆይም ነበር?»

መልስ አልነበረኝም፤ ትክክል ነው ያለው። ያቺን የሄሞግሎቢን ጠብታ ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ወባውን ለማየት ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። ሁለቱም ቆላው ላይ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ድረስ የመጣው ቤተሰብ ያገኘው ውጤት መተማ ላይ ተቀምጦ በስልክ ሊያገኘው የሚችለውን ነበር። ሕክምናችንን አልወቅስም፤ የጎደለው ሪፈር የሚጽፈው ሰው ከሪፈሩ ማዶ ያለው አንስቴቲስት ምን እንደሚጠይቅ ማወቁ ነው። ማን ነግሮት ያውቃል?

ልጁ ተመልሷል። ስምንተኛ ወሩን ይዞ፣ 7 ኪሎ ከምናምን ሆኖ፣ ሄሞግሎቢኑ 11.3። አባትየው ለመመለስ ያደረገውን እዚህ አልዘረዝርም፤ የእርሱ ነው። ያን ቀን በሚዛኑ ላይ የቆጠርነው ደም 210 ሚሊ ሊትር ነበር። ደም ሰጥተነዋል፣ ግን ቀስ ብለን፣ ሳንደነግጥ። በ8.4 ገብቶ ቢሆን ኖሮ ስለምን እንደማወራ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከደሙ ሌላ ጥቂት ነገር ልበል፣ ሰዓቴን እያየሁ ነው።

ብርድ። የ40 ዲግሪ አገር ልጅ በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ይቀዘቅዛል ሲባል እናቶች ይስቃሉ። የሕፃን ጭንቅላት ከመላ ቆዳው አምስተኛ እጅ ይጠጋል። ያንን ጭንቅላት ላጭተን፣ በፈሳሽ አጥበን፣ ለሰዓታት ገልጠን እናቆየዋለን፤ ሕፃን ደግሞ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ አይሞቅም፣ ማደንዘዣውም የቀረችውን መከላከያ ይወስድበታል። የቀዘቀዘ ደም አይረጋም፤ ስለዚህ ብርዱ ተመልሶ ወደ ደሙ ይመጣል። ክፍሉን አስቀድመን እናሞቃለን፣ እጅና እግሩን በጥጥ እንጠቀልላለን፣ ፈሳሹ ሁሉ ሞቆ ነው የሚገባው። ሐኪሞቹ ያልባቸዋል። ያልባቸው!

አየር። ጭንቅላቱ ከልቡ ከፍ ሲል፣ በአጥንቱ ውስጥ ያሉት ደም ስሮች ተከፍተው ስለሚቀሩ አየር ሊስቡ ይችላሉ። በጥሩ መሣሪያ ሲፈለግ በብዙ ሕፃናት ላይ ይገኛል፤ የሚጎዳው ጥቂቱን ነው፤ ደሙ የጎደለበት ሕፃን ግን ይበልጥ ይስባል። ካፕኖግራፍ ካለ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድንገት ሲወርድ ያሳውቃል። ከሌለ ደረቱ ላይ የተለጠፈ ስቴቶስኮፕ ይቀራል፤ ጆሮን አለማንሳት ነው።

ጾም። ይህን አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ነርሶች አደራችሁን። «ከማታ ጀምሮ ጡት እንዳትሰጪው» የሚለው ትእዛዝ አሁንም ይነገራል። የእናት ጡት ለ4 ሰዓት ቢቋረጥ ይበቃል፤ ንጹሕ ፈሳሽ ለ2 ሰዓት። ሌሊቱን ሙሉ የጾመ ሕፃን ስኳሩ ይወርዳል፣ ደም ስሩ ይጠፋል፣ ያለቅሳል፤ እናቱም አብራ ታለቅሳለች፣ ጡቷም ይወጠራል። ቀዶ ሕክምናው ወደ ከሰዓት ከተዛወረ ደግሞ አንድ ሰው ሄዶ «አጥቢው» ሊላት ይገባል። ማን ነው የሚሄደው? ማንም ስለማይሄድ እኔ መሄድ ለመድኩ።

እውነቱን ለመናገር ከተዘጋ ጭንቅላት ይልቅ በብዛት የምናየው ያበጠ ጭንቅላት ነው። ሃይድሮሴፋለስ። ከአከርካሪ አለመዘጋት ጋር ተያይዞም፣ ከማጅራት ገትር በኋላም ይመጣል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ጭንቅላቱ ከቀረው አካሉ የከበደ ይመስላል። ለአንስቴቲስት ያ ማለት ቱቦ ሊያስገባ ሲል አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ ይጠብቀዋል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጭንቅላቱን ዝቅ ማድረግ ስለማይቻል አካሉን ከፍ ማድረግ። የታጠፈ ጋቢ ከትከሻው እስከ ዳሌው ስር ይነጠፋል፤ ጭንቅላቱ ከጋቢው ጫፍ ወዲያ ይቀራል። ጋቢው ብዙውን ጊዜ የአባትየው ነው።

ስለ ሃይድሮሴፋለስ ሳነሳ የኡጋንዳዋን ምባሌን አለመጥቀስ አልችልም። ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እዚያ ሲሠራ ያየው ነገር፣ ከጭንቅላት ወደ ሆድ ውኃ የሚያፈስ ቱቦ የተገጠመለት ልጅ ቱቦው ሲደፈን ከሐኪም ርቆ ከሆነ ይሞታል የሚለውን ነው። ስለዚህ በካሜራ ገብቶ ውስጣዊ መተላለፊያ መክፈትን፣ ውኃ የሚያመነጨውን ክፍል ከመተኮስ ጋር አዋህዶ ለሕፃናት አዋለው። ቴክኒኩን የመረጠለት መንገዱ ነው ማለት ይቻላል። ለራስ ቅልም እንዲሁ እናስብ። በውጭ አገር ከ3 ወይም ከ4 ወር በፊት በጠባብ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራ ዘዴ አለ፤ ደሙ በጣም ጥቂት ነው፣ ለአንስቴቲስት ሰርግ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ልጁ ለወራት ቀንና ሌሊት የሚያደርገው፣ በየጥቂት ሳምንቱ እየተለካ የሚስተካከል ቆብ ያስፈልገዋል። በ40 ዲግሪ፣ ከመተማ አዲስ አበባ እየተመላለሰ! አይሆንም። ለጊዜው ለቆላ ልጅ የሚሆነው አንድ ጊዜ በደንብ ተዘጋጅቶ የሚደረገው ክፍት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዝግጅቱ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው።

አገራችን በዚህ በኩል ባዶ አይደለችም። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ ቤርገን ጋር ሆኖ ነው። ዘውዲቱ ሆስፒታል የሕፃናት ነርቭ ቀዶ ሕክምና አለ። በእጅ በኩል እየበረታን ነው። ወደ እጁ የሚደርሰው ልጅ ግን ገና አልተዘጋጀም።

ድንበሩ ደግሞ አዲስ ነገር አምጥቶብናል። ቀድሞ እኔ እዚያ ስሠራ ሰው ለሕክምና ወደ ገዳሪፍ ሲሻገር አይ ነበር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት መንገዱን ገለበጠው፤ ሕፃናት ታቅፈው የሚመጡት ከዚያ ወዲህ ሆነ። ከምዕራብ ሱዳን ለሚመጣ ሕፃን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ሲክል ሴል ታይቶለታል? በዚህ በሽታ ላይ ብርድ፣ የውኃ ጥማትና የኦክስጅን ማነስ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። ሦስቱም ከኦፕራሲዮን ክፍል የማይጠፉ ናቸው። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን በፅንስ ጊዜ ሄሞግሎቢኑ ተሸፍኖ ጤነኛ ስለሚመስል፣ ስለ ወንድምና እህቶቹ መጠየቅ ነው፤ በዓረብኛም ቢሆን፣ በጉሙዝኛም ቢሆን በአስተርጓሚ።

አሁን የምለምነውን ልናገር። ይህ ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የፈጀው ወባ ካለፈ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አብረው ቆላድባ እየወረዱ የሚማሩበት ቤት ነበር፤ የቡድን ሥልጠናውን ሁላችሁም አልፋችሁበታል፣ ትኋኑንም አትረሱትም። እኔ የምጠይቀው የአንስቴዥያ ተማሪዎችም በቡድኑ ውስጥ ሆነው ወደ ቆላ ጤና ጣቢያዎች እንዲወርዱ ነው። ጋዝ ሊሰጡ አይደለም። በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት ለክትባት የሚመጣ ሕፃን ሁሉ ይመዘናል፤ ጭንቅላቱን የሚለካለትና ጣቱን በአናቱ የሚያስኬድለት ግን ጥቂት ነው። እነዚያ ሦስት ቀናት ለእኛ ወርቅ ናቸው፤ የተዘጋው መጋጠሚያ ያኔ ቢታይ ደሙን ለማዘጋጀት ሙሉ ሦስትና አራት ወር ይኖረናል። ተማሪው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሸንተረሩን ያሳያት፤ እርሷ ደግሞ የትኛው ቤት አራስ እንዳለ ታሳየዋለች።

ሪፈር የምትጽፉ ወገኖቼ፣ «ለተሻለ ሕክምና» ከሚለው በታች አራት ነገር ጨምሩልኝ፤ ክብደት፣ የጭንቅላት ዙሪያ፣ ሄሞግሎቢን፣ የወባ ውጤት። ጣፊያውንም ከነካችሁት አምስት። ሄሞግሎቢኑ ከ10 በታች ከሆነና ልጁ የማያስታውክ፣ የማያንቀላፋ፣ እርግብግቢቱ ያልተወጠረ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት ደውሉ። እርግብግቢቱ ተወጥሮ ካበጠ ግን ምንም አትጠብቁ፤ ያኑ ቀን ይሂድ።

የሚለካበትን ሜትር አምጥቻለሁ። ከበሩ በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ 60 አሉ፤ ወደ ምዕራብ ጎንደር የምትመለሱ ቅድሚያ ውሰዱ፣ ስልኬም በጀርባቸው ተጽፏል። ደም መለገሻው ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው፤ መምህሮቼን በዕድሜ ምክንያት አናስገድድም፣ የእኔን ባች ግን በስም እጠራለሁ።